“ጋዝ ብቻ ሙላልኝ” ከማለትዎ በፊት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የመኪና ኤሲ

መጋቢት ከገባ ወዲህ ለዚህ ዓምድ ከሚደርሱት ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ነገር ያወራሉ፤ ኤሲው ሙቅ አየር ይነፋል። እኔም ባሕር ዳር ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክና ኤሲ በመሥራት የምተዳደር ሰው ነኝና፣ በሚያዝያ ቀትር ፀሐይ ላይ የዋለ መኪና ውስጥ መግባት ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ የዚህን እትም ገጽ በሙሉ ለዚሁ ጉዳይ ሰጥቼዋለሁ። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርጌ፣ የረዘሙትን አሳጥሬአለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የ2005 ሞዴል ቪትዝ አለችኝ። ክረምቱን ኤሲ አልከፈትኩም ነበር። ከመስከረም ወዲህ ግን ሦስት ጊዜ ጋዝ አስሞልቻለሁ። በተሞላ ቁጥር ሁለት ሦስት ሳምንት ደህና አድርጎ ያቀዘቅዛል፤ ከዚያ እየለዘበ ይሄድና ሙቅ አየር ብቻ ይሆናል። የሚሞላልኝ ልጅ “መኪናዋ ስላረጀች ጋዝ ትበላለች” ይለኛል። ሌላው ደግሞ ኮምፕሬሰሩን ቀይር አለኝ። የቱን ልመን? (መምህር፣ ከሽምብጥ)

መልስ፦ መምህር፣ ጋዝ የሚበላ መኪና የለም። ይህን አስረግጬ የምናገረው በዚህች አባባል ምክንያት ስንቱ ደመወዝተኛ ገንዘቡን አየር ላይ ሲበትን ስለማይ ነው። የኤሲ ጋዝ አይቃጠልም፣ አያልቅም። በተዘጋ መስመር ውስጥ ይዞራል፣ ይኸው ነው ሥራው። ኮምፕሬሰሩ ይጨምቀዋል፤ ሲጨመቅ ይግላል። ከራዲያተሩ ፊት ለፊት ባለው ኮንደንሰር ውስጥ ሲያልፍ ሙቀቱን ለውጭው አየር አስረክቦ ፈሳሽ ይሆናል። ፈሳሹ ድራየር በምንለው ማድረቂያ አልፎ በኤክስፓንሽን ቫልቩ ጠባብ ቀዳዳ ሲወጣ ግፊቱ በድንገት ይወርዳል። ከዚያም ክሩስኮቱ ውስጥ ባለው ኢቫፖሬተር እየፈላ ወደ ጋዝነት ሲመለስ የመኪናውን የውስጥ ሙቀት ይወስዳል። ከዚያ እንደገና ወደ ኮምፕሬሰሩ። ከጎማ ቱቦዎቹ በየዓመቱ ጥቂት ግራም ሰርጎ መውጣቱ እውነት ነው። በሦስት ሳምንት የጠፋ ጋዝ ግን ሰርጎ የወጣ ሳይሆን በቀዳዳ ያመለጠ ነው።

ኮምፕሬሰርዎ ደግሞ ከደብዳቤዎ እንደምረዳው ሥራውን አልተወም። ጋዝ ሲያገኝ ደህና አድርጎ ያቀዘቅዛል ብለዋልና። ስለዚህ ቀይር የሚልዎትን ለጊዜው ያቆዩት። የሚፈለገው ቀዳዳው ነው።

ፍለጋውን ራስዎ መጀመር ይችላሉ። ጋዙ ሲያመልጥ ብቻውን አይወጣም፤ የኮምፕሬሰሩን ዘይት ይዞ ይወጣል፤ ዘይቱ በነካው ቦታ ላይ ደግሞ አቧራ ይጣበቃል። ሞተሩ ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ኮፈኑን ይክፈቱና በእጅ ባትሪ እያበሩ የኤሲውን ቱቦዎች ከጫፍ እስከ ጫፍ ይከተሉ። እርጥብ መስሎ የጠቆረ መጋጠሚያ ካገኙ እዚያ ላይ ያቁሙ። ኮንደንሰሩ ላይ ጠጠር የመታው ቦታ ካለ ይመልከቱት። የጠጠር መንገድ የሚመላለሱ መኪኖች ላይ ይህ ብዙ ጊዜ ያጋጥመኛል። ከዚያ ሁለቱን የጋዝ መሙያ አፎች ያስተውሉ። የፕላስቲክ ክዳናቸው አለ? ክዳኑ ተራ ጌጥ የሚመስላቸው ባለሙያዎች ሞልተው ሲጨርሱ የትም ይጥሉታል። በውስጡ ያለችው ትንሽ ቫልቭ አቧራ ገብቶባት አልዘጋ ስትል ጋዙን የሚይዘው እርሱ ብቻ ነው።

በእርስዎ መኪና ግን ከሁሉ በፊት የምጠረጥረው የኮምፕሬሰሩን የፊት “ሲል” (ጋዝ እንዳያመልጥ የሚዘጋውን ላስቲክ) ነው፤ ፑሊው (በቺንጋ የሚዞረው ክብ ብረት) የተሰካበት ዘንግ ከኮምፕሬሰሩ የሚወጣበትን ማለቴ ነው። ያ ሲል የሚርሰው ከጋዙ ጋር በሚዞረው ዘይት ነው። ክረምቱን ሙሉ ኤሲ ካልተከፈተ ዘይቱ ወደ ታች ይወርዳል፣ ላስቲኩ ይደርቃል፣ መስከረም ላይ ሲቀሰቀስ ማፍሰስ ይጀምራል። የእርስዎ ችግር የጀመረበት ጊዜ ከዚህ ጋር ይገጥማል። ከፑሊው ጀርባ ዘይት ዙሪያውን ተረጭቶ ካዩ ጥርጣሬዬ ልክ ነው ማለት ነው። መፍትሔውም ሲሉን መቀየር እንጂ ሙሉ ኮምፕሬሰር መግዛት አይደለም። ሲሉ ከተቀየረ በኋላ ክረምትም ቢሆን በሳምንት አንድ ጊዜ ለ10 ደቂቃ ያህል ኤሲውን ይክፈቱት። አየሩን ስለሚያደርቅ በሐምሌ ዝናብ መስታወት ላይ የሚወጣውን ጉምም ያጠፋልዎታል።

በዓይን ካልተገኘ ባለሙያው የሳሙና አረፋ፣ የሚያበራ ቀለም ወይም ጋዝ የሚያሸት መሣሪያ ይጠቀማል። መስመሩ ባዶ ከሆነ ደረቅ ናይትሮጅን ይሞላበትና ግፊቱ ይወርድ እንደሆነ ይጠበቃል። ጎማ በሚነፋ አየር ለመሞከር የሚነሳ ሰው ካዩ ይከልክሉት፤ ያ አየር ውኃ ያዘለ ነው። ኦክስጅን ሊያስገባ የሚነሳ ካለ ደግሞ መኪናዎን ይዘው ይውጡ፤ ኦክስጅን በግፊት ዘይት ሲያገኝ ይፈነዳል።

ለምን ይህን ያህል እንደምጨነቅ ልንገርዎት። ሦስት ጊዜ ጋዝ ሲያመልጥ ሦስት ጊዜ ዘይትም አብሮ ወጥቷል። የሚሞላልዎት ሰው ዘይት ሳይጨምር ጋዝ ብቻ እየሞላ ከቀጠለ፣ ዛሬ ደህና የሆነው ኮምፕሬሰር ዘይት አጥቶ ብረት ከብረት ይፋጭበታል። የብረቱ ብናኝም መስመሩን በሙሉ ይበክላል። ያን ጊዜ “ኮምፕሬሰሩን ቀይር” ያለው ሰው እውነተኛ ይሆናል፤ ኮንደንሰሩንና ኤክስፓንሽን ቫልቩን ጭምር። ጉዳቱ በኪስዎ ላይም አያበቃም። አር 134 ኤ የሚባለው ይህ ጋዝ በክብደት ሲነጻጸር ምድርን በማሞቅ ረገድ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1,300 እጥፍ ያላነሰ ኃይል አለው።

ቀዳዳው ተደፍኖ፣ ድራየሩ ተቀይሮ፣ መስመሩ አየርና እርጥበት በሚስበው ቫኪዩም ፓምፕ ደርቆ ከተዘጋጀ በኋላ ጋዙ በሚዛን ይሞላል። በአነስተኛ መኪና የሚገባው መጠን ብዙውን ጊዜ ከ350 እስከ 600 ግራም ባለው ውስጥ ነው፤ የእርስዎ መኪና ትክክለኛ ቁጥር ኮፈኑ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ተጽፏል። ሲበዛ ይሻላል የሚባል ነገር እዚህ የለም። ከልክ ያለፈ ጋዝ ኮንደንሰሩ ውስጥ ቦታ ይይዝና ቅዝቃዜውን ይቀንሳል፣ ኮምፕሬሰሩንም ያስጨንቃል። ከመክፈልዎ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ የሚያፈሰው የት ነበር? ስንት ግራም ሞላህ? ሁለቱንም መመለስ ያልቻለ ሰው ሥራውን አልጨረሰም።

ጥያቄ፦ የባሕር ዳር–ጎንደር መስመር ሹፌር ነኝ። መንገድ ላይ እያለሁ ኤሲው ጥሩ ያቀዘቅዛል። ሐሙሲት ወይም ወረታ ላይ ተሳፋሪ ላወርድ ስቆም ግን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሙቅ አየር ይነፋል። ከተማ ውስጥም ባጃጁ መንገዱን ዘግቶ ስቆም እንደዚያው ነው። ጋዝ ጎድሎ ይሆን? (ከአባይ ማዶ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጋዙን አይንኩት። የጎደለዎት አየር ነው። መኪናው ሲሄድ ንፋሱ ኮንደንሰሩን ያቀዘቅዘዋል። ሲቆም ግን ያንን ሥራ ፋኑ መሥራት አለበት። እርሱ ካልሠራ፣ ወይም ኮንደንሰሩ በቆሻሻ ከተደፈነ፣ ጋዙ ሙቀቱን የሚጥልበት ቦታ ስለሚያጣ ይዞት ይመለሳል።

አንድ ቀላል ፈተና አለ። መኪናውን አቁመው፣ ኤሲውን ከፍተው፣ ሙቅ አየር መንፋት ሲጀምር አንድ ጆግ ውኃ ከፊት በኩል ቀስ አድርገው ኮንደንሰሩ ላይ ያፍስሱ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ውስጡ ከቀዘቀዘ ጥፋቱ የጋዝ ሳይሆን የአየር መሆኑ ተረጋገጠ። ከዚያ ፋኑን ይመልከቱ። የኤሌክትሪክ ፋን ከሆነ ኤሲ ሲከፈት መነሳት አለበት። ካልተነሳ ፊውዙን፣ ሪሌዩን (በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ማብሪያ ማጥፊያ)፣ ከዚያ ሞተሩን ነው የምንፈትሸው። በቺንጋ የሚዞር ከሆነ ቺንጋው ላልቶ እንደሆነ፣ የፋኑ ማያያዣም ዝሎ እንደሆነ ይታያል። እጅዎን ግን ከፋን ያርቁ፤ የኤሌክትሪክ ፋን ሞተሩ በጠፋበትም ጊዜ ሳይታሰብ ሊነሳ ይችላል።

የእርስዎን መስመር ሳስበው ቆሻሻው ላይ አደላለሁ። በፎገራ ሜዳ አቋርጦ የሚመላለስ መኪና ኮንደንሰሩን ስፈታ የማገኘውን አውቀዋለሁ። አቧራ፣ ነፍሳት፣ የሩዝና የጤፍ ገለባ፣ ሁሉም በዘይት ተለውሶ ከአሉሚኒየም ክንፎቹ መካከል ተጣብቋል። አዝመራው ተሰብስቦ ሩዝ መፈልፈያዎቹ ሥራ ሲበዛባቸው ደግሞ ይብሳል። ከፊት ሲያዩት ንጹሕ ይመስላል። እውነተኛው ክምር ያለው በኮንደንሰሩና በራዲያተሩ መካከል ባለው ጠባብ ክፍተት ነው፤ እዚያ ማንም አያይም።

ሲያሳጥቡ ላቫጆ ላይ ያለውን የከፍተኛ ግፊት ውኃ በቅርበት አያስረጩበት። ክንፎቹ ይታጠፉና ከቆሻሻው የባሰ አየር ይዘጋሉ። መደበኛ ጎማ ቱቦና ትንሽ ሳሙና ይበቃል። ውኃው ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ ይሂድ፤ ቆሻሻው በገባበት መንገድ ይወጣል። የታጠፉትን ክንፎች በቀጭን ነገር በትዕግሥት ማቃናት ይቻላል። ደግሞ አደራ፣ ይህን ሥራ ጣና ዳር ወይም አባይ ዳር አይሥሩት። ከኮፈን ሥር የሚታጠበው ዘይት ነው፤ ዓሣውም እኛም ከዚያው ውኃ ነን።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጋራዥ ውስጥ ሥራ የምለማመድ ልጅ ነኝ። ጋዝ ከመሙላታችን በፊት ቫኪዩም ስንስብ የጌጁ (የግፊት መለኪያው) መርፌ 24 ኢንች ላይ ይቆማል፤ ከዚያ ንቅንቅ አይልም። ስልክ ላይ የማያቸው ባለሙያዎች 29 ያደርሱታል። አለቃዬ ፓምፑ ሞቷል፣ አዲስ መግዛት አለብን ይላል። እኔ ግን ፓምፑ ጥሩ ይመስለኛል። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ልጄ፣ ፓምፑ ጥሩ ነው። ጌጁም ጥሩ ነው። ያለነው ባሕር ዳር ነው።

ጌጁ የሚለካው መስመሩ ውስጥ ያለውን ግፊት ከውጭው አየር ጋር እያነጻጸረ ነው። በባሕር ጠለል ላይ የአየሩ ክብደት ሜርኩሪን 30 ኢንች ያህል ያቆማል፤ እዚያ ያለ ሰው ሁሉንም አየር ሲያወጣ መርፌው ወደ 30 ይጠጋል። የእኛ ከተማ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ላይ ነች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ አምስት እጅ አራቱ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ከመስመሩ ውስጥ አንዲት የአየር ቅንጣት ባትቀር እንኳ መርፌው ከ24 ብዙ አያልፍም። ባር በሚባለው የግፊት መለኪያ ለሚያነብ ጌጅ ኔጋቲቭ 0.8 ገደማ ነው። ጎንደር ላይ 23 አካባቢ፣ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ 22 ተኩል አካባቢ ይቆማል። ወደ መተማ ቆላ ብትወርድ ያው ፓምፕ ከ27 በላይ ያደርስልሃል። ይህን ለአለቃህ በአክብሮት አስረዳው። በዚህ ምክንያት ብቻ ደህና ፓምፕ የተጣለበት ጋራዥ እንዳለ አውቃለሁ።

ይህ ማለት ግን 24 ባየህ ጊዜ ትነቅላለህ ማለት አይደለም። ቫኪዩም የምንስበው አየር ለማውጣት ብቻ ሳይሆን ውኃ ለማድረቅም ነው። መስመሩ ተከፍቶ ከነበረ እርጥበት ገብቷል። ያ እርጥበት ከጋዙና ከዘይቱ ጋር ሲቆይ አሲድ ይፈጥራል፤ ኤክስፓንሽን ቫልቩ ላይ ደግሞ በረዶ ሆኖ ቀዳዳውን ይዘጋል። የኋለኛውን ምልክቱን ታውቀዋለህ፤ ጥሩ ሲያቀዘቅዝ ቆይቶ ድንገት ሙቅ ይሆናል፣ ጠፍቶ ሲያርፍ መልሶ ያቀዘቅዛል። ውኃ በ25 ዲግሪ እንዲፈላ ግፊቱ ወደ 32 ሚሊባር መውረድ አለበት፤ ተራ ጌጅ ላይ ይህ ቦታ ከፍጹሙ ባዶ ጋር ተለይቶ አይታይም። ስለዚህ ሰዓት ስጠው። ቢያንስ 30 ደቂቃ፣ በክረምት ደግሞ ከዚያ በላይ። ዲጂታል የቫኪዩም መለኪያ ማግኘት ከቻላችሁ ከ500 ማይክሮን (በጣም ዝቅተኛ ግፊት የሚለካበት አሃድ) በታች አውርዱት። እርሱ ከዜሮ ጀምሮ ስለሚለካ ከፍታ አያሳስተውም። ከዚያ ቫልቮቹን ዝጋ፣ ፓምፑን አጥፋ፣ ጠብቅ። መርፌው ከተመለሰ ወይ ቀዳዳ አለ ወይ ውኃ አለ። ቸኩለህ ጋዝ እንዳትለቅበት።

ከፍታው በግፊት በኩልም ትንሽ ይነካሃል። ቶዮታ በመጽሐፉ የሚሰጠው ጤናማ ንባብ ሞተሩ በደቂቃ 1,500 ዙር እየዞረ፣ የሚገባው አየር ከ30 እስከ 35 ዲግሪ ሲሆን፣ በዝቅተኛው በኩል ከ1.5 እስከ 2.5 ባር፣ በከፍተኛው ከ13.7 እስከ 15.7 ባር ነው። እዚህ ጌጅህ ከዚያ በ0.2 ባር ያህል ከፍ ብሎ ቢያነብ አትደንግጥ።

አንተ የመማር ፍላጎት ስላለህ ሌላም ልጨምርልህ። ገበያ ላይ በአር 134 ኤ ስም የሚሸጥ ድብልቅ ጋዝ ሊያጋጥምህ ይችላል። ሲሊንደሩን ጥላ ውስጥ አሳድረውና ጠዋት ግፊቱንና የክፍሉን ሙቀት ለካ። ፈሳሽ እስካለበት ድረስ፣ ባሕር ዳር ላይ፣ በ20 ዲግሪ 71 ፒኤስአይ (ሌላ የግፊት መለኪያ ነው)፣ በ25 ዲግሪ 85፣ በ30 ዲግሪ 100 ገደማ ማንበብ አለበት። በጣም ከራቀ ንጹሕ አር 134 ኤ አይደለም፤ ወይ ሌላ ጋዝ ነው ወይ አየር አለበት። ከዚሁ ጋር ልብ በል፤ የቆመ መኪና ላይ ይህን ቁጥር ብታነብ በውስጡ ጋዝ መኖሩን እንጂ መጠኑን አይነግርህም። 100 ግራም ፈሳሽ ቢኖርም 400 ግራም ቢኖርም ቁጥሩ ያው ነው። ለዚህ ነው ሚዛን ግዙ እያልኩ የምጮኸው።

ጥያቄ፦ ዲኤክስ ኮሮላ አለኝ፤ ኤሲዋ ከፋብሪካ የመጣ ነው። አሮጌው ጋዝ አሁን አይገኝም ተባልኩ። አንድ ሰው ቡታ ጋዝ ብትሞላበት ከሁሉ የበለጠ ያቀዘቅዛል፣ ዋጋውም ርካሽ ነው አለኝ። ጉዳት አለው? (ከመርዓዊ)

መልስ፦ አለው። እባክዎ አያድርጉት።

ሰውየው ማቀዝቀዙን በተመለከተ አልዋሸም፤ ፕሮፔንና ቡታን ሙቀት የመውሰድ ችሎታ አላቸው። ያልነገረዎት ነገር ግን ኢቫፖሬተሩ እርስዎና ቤተሰብዎ ከተቀመጣችሁበት ክፍል ጋር አንድ አየር የሚተነፍስ መሆኑን ነው። እርሱ ሲበሳ ጋዙ ወደ ውስጥ ይገባል። ቡታ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ይተኛል፣ መስኮት ተዘግቶ ኤሲ በተከፈተ መኪና ውስጥ ደግሞ መውጫ የለውም። ክሩስኮቱ ውስጥ ያለ አንድ ሪሌይ ወይም የፋን ሞተር ብልጭታ ይበቃዋል። ከፊት ለፊት ቢጋጩም የመጀመሪያው የሚቀደደው ኮንደንሰሩ ነው፤ ከትኩስ ሞተር ፊት። ሌላም ሰው አለ፦ ነገ ሳያውቅ መስመሩን የሚፈታው መካኒክ። ለዚያ ልጅም ያስቡለት።

የዲኤክስ ዘመን መኪኖች ኤሲ የሚሠራው በአር 12 ነበር። ያ ጋዝ የኦዞን ሽፋንን ስለሚያሳሳ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1987 በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት እንዲቀር ተወስኗል፤ አዳዲስ መኪኖችም በ1990ዎቹ አጋማሽ ወደ አር 134 ኤ ዞረዋል። የእርስዎም መኪና ትዞራለች። የድሮው ዘይት ይወጣል፤ ከአዲሱ ጋዝ ጋር የሚስማማ ኤስተር ዘይት ይገባል። ጥቁሮቹ ኦሪንጎች (የመጋጠሚያዎቹ የላስቲክ ቀለበቶች) ለአር 134 ኤ በተሠሩት ይተካሉ። ድራየሩ ይቀየራል፣ መሙያ አፎቹ ላይ አዲስ ማያያዣ ይገባል። መጠኑም ለአር 12 ከተጻፈው ከ80 እስከ 90 በመቶ ያህል ነው። ቅዝቃዜው ከድሮው በጥቂቱ ሊቀንስ ይችላል። ልጆችዎን ከኋላ አስቀምጠው ግን ያለ ስጋት ይነዳሉ።

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪክ መኪና ከገዛሁ ዓመት አልሞላኝም። ኤሲው ማቀዝቀዝ እያቆመ ነው። የሰፈራችን ኤሲ ሠሪ “ያው ነው፣ እሞላልሃለሁ” ብሎኛል። ላሠራው? (ከዲያስፖራ ሰፈር)

መልስ፦ ያው ያልሆነው ነገር ዘይቱ ነው። በቤንዚን መኪና ውስጥ ኮምፕሬሰሩን የሚያዞረው ቺንጋ ነው፤ በብዛት የሚገባበት ዘይትም ፓግ የሚባለው ነው። በእርስዎ መኪና ግን ኮምፕሬሰሩ የራሱ የኤሌክትሪክ ሞተር አለው፤ ጋዙና ዘይቱ በሞተሩ ጥቅልል ሽቦ ላይ ያልፋሉ። ስለዚህ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ፣ ፒኦኢ የሚባል ዘይት ያስፈልገዋል። ፓግ ትንሽ እንኳ ቢገባ የሽቦውን የኤሌክትሪክ መከላከያ ያዳክማል፤ መኪናውም የኤሌክትሪክ መፍሰስ አለ ብሎ ሊቆም ይችላል። በሌላ መኪና ላይ የዋለ የጌጅ ቱቦ ውስጥ የቀረ ዘይት ለዚህ ይበቃል። የብርቱካንማ ቀለም ሽቦዎቹ ደግሞ ገዳይ ቮልቴጅ የተሸከሙ ናቸው፤ ሥልጠና የሌለው ሰው አይንካቸው።

የጋዙንም ዓይነት ኮፈኑ ሥር ካለው ወረቀት ላይ ያንብቡ። አር 134 ኤ ያላቸው አሉ፣ አር 1234 ዋይ ኤፍ ያላቸው አሉ፤ አንዱ በሌላው ላይ አይሞላም። ዓመት ያልሞላው መኪና ጋዝ ማጉደሉ ራሱ ጤናማ ስላልሆነ በመጀመሪያ ወደ ሻጩ ይሂዱና ዋስትናዎን ይጠይቁ። አያቆዩት፤ በብዙ የኤሌክትሪክ መኪኖች ላይ ባትሪውን የሚያቀዘቅዘውም ይኸው ጋዝ ነው። በሚያዝያ ሙቀት ወደ አባይ በረሃ እየወረዱ፣ ወይም በፍጥነት ቻርጅ እያደረጉ፣ የባትሪ ማቀዝቀዣ ሳይኖርዎት መቅረት የለብዎትም።

ጥያቄ፦ መኪናዬ ሥር ኤሲ ስከፍት ውኃ ይንጠባጠባል። ልጨነቅ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አይጨነቁ፤ ከአየሩ የተለየ እርጥበት ነው። መጨነቅ ያለብዎ ውኃው ከሥር መውረዱን ትቶ በእግርዎ በኩል ምንጣፉን ሲያረጥብ ነው፤ ያኔ የማፍሰሻው ቱቦ ተዘግቷል፣ ይጠረግልዎ።

ጥያቄ፦ ተማሪ የማመላልስበት ሚኒባስ አለኝ። ፊት ለፊት ያቀዘቅዛል፣ ልጆቹ የተቀመጡበት ኋላው ግን ሙቅ ነው። ልጆቹ ላብ በላብ ሆነው ነው ቤታቸው የሚደርሱት። (እናትና ሹፌር፣ ከቀበሌ 14)

መልስ፦ እህቴ፣ ፊት ለፊቱ ማቀዝቀዙ መልካም ዜና ነው፤ ኮምፕሬሰሩና ኮንደንሰሩ ሥራቸውን እየሠሩ ነው ማለት ነው። ኋላው የራሱ ፋን፣ የራሱ ኢቫፖሬተርና የራሱ ኤክስፓንሽን ቫልቭ አለው። በመጀመሪያ የኋላው ፋን በሁሉም ፍጥነት አየር ይነፋ እንደሆነ በእጅዎ ይፈትሹ። የሚነፋው አየር ትንሽ ከሆነ ጣሪያው ላይ ያለውን ወንፊት ያውጡ፤ የልጆች ልብስ ክርና አቧራ ደፍኖት ሊሆን ይችላል። ታጥቦ ይመለሳል፣ ወጪ የለውም። አየሩ በርትቶ እየነፋ ሙቅ ከሆነ ወደ ኋላ የሚሄዱትን ሁለት ቱቦዎች ባለሙያ ይንካቸው። ወፍራሙ ካልቀዘቀዘ ጋዙ እዚያ አልደረሰም፤ ወይ የኋላው ቫልቭ ተዘግቷል ወይ አጠቃላይ ጋዙ ጎድሏል። ኋላ ኤሲ ያለው ሚኒባስ ወደ 1 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ጋዝ ሊይዝ ስለሚችል እንደ ትንሽ መኪና ገምቶ የሞላ ሰው ኋላውን ሊያስርበው ይችላል። እዚህም ወረቀቱን አንብቦ በሚዛን የሚሞላ ሰው ይፈልጉ።

እስኪሠራ ድረስ ይህን ያድርጉ። ልጆቹ ከመግባታቸው በፊት በሮቹን በሙሉ ከፍተው የታመቀውን አየር ያውጡ። ሲነሱ የኋላ መስኮቶችን ከፍተው ሁለት ሦስት ደቂቃ ይንዱ፤ ከዚያ ዘግተው የአየር ማስገቢያውን የውስጡን አየር በሚያዞረው በኩል ያድርጉት። ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ስትጠብቁ መኪናው በጥላ ሥር ይቁም፤ ልጆቹም እርስዎ እስኪነሱ ድረስ ከውጭ ይጠብቁ።